ባዶ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት፦ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ያለፈበት ታሪክ



የድረ ገጽ ባለሙያ በተደጋጋሚ ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች አንዱ በአማርኛ ጽሑፍ ፈንታ ባዶ ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት ወይም የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል መታየቱ ነው። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ብልሽት የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ሰነድም ነው የሚል ነው።

ኮምፒዩተር የሚያውቀው ፊደልን ሳይሆን ለፊደሉ የተሰጠውን ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ 128 ቦታዎች ብቻ ነበሩት፤ በኋላ በስምንት ቢት ሲሰፋም ከ256 አላለፈም። የእኛ 33 ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲዘረዘሩ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም።

ስለዚህ ከዩኒኮድ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር ያዘጋጁ ባለሙያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ አሰፈሩት። ብልሃቱ ሠርቷል፤ ሆኖም ሁሉም የየራሱን አሰላለፍ በመከተሉ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በኢንተርኔት የሚጻጻፉ ኢትዮጵያውያን ያለ ልዩ ፎንት እንዲግባቡ፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ፊደላችንን በአስኪ የሚወክል ሥርዓት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸውን ቋሚ ቁጥር አገኙ።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ባለሙያ ብልሽቱን ከመልኩ ይለየዋል። ባዶ ሳጥን ከታየ ቁጥሩ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የቀረጹት ዩቲኤፍ-8 መደበኛውን ፊደላችንን በሦስት ባይት ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያው ባይት ምንጊዜም አንድ ነው። ባይቶቹ እንደ ላቲን ጽሑፍ ከተነበቡ፣ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት አንዲት ፊደል ያለማቋረጥ ትደጋገማለች። በዚህ ጊዜ ጽሑፉ አልጠፋም፤ ገጹ የተጻፈበትን ሥርዓት በትክክል ማስታወቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በመረጃ ቋቱ ውስጥ ራሱ የጥያቄ ምልክት ከተገኘ ግን ፊደሉ ሲቀመጥ ተተክቷል፤ ከሌላ ቅጂ በቀር መመለሻ የለውም።

የታሪክ ተመራማሪን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው አራተኛው መልክ ነው፦ ከዩኒኮድ በፊት የተዘጋጀ ፋይል ሲከፈት የሚታየው የላቲን ዝብርቅ። የብራና መጽሐፍ ከ500 ዓመት በኋላም ፊደል ለቆጠረ ሁሉ ይነበባል። የ30 ዓመት ዕድሜ ያለው ቃለ ጉባኤ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ግን የተጻፈበት ፎንት ከጠፋ ዝም ይላል። አሰላለፉን እንደ ምስጢር ጽሑፍ በትዕግሥት መፍታት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ፈቺ የሚያገኘው ፋይል ጥቂት ነው።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎቻችን አሮጌ ፋይሎችን ሲያስቀምጡ ፎንቱንና የመለወጫ ሠንጠረዡን አብረው ያስቀምጡ፤ ወደ ዩኒኮድ ሲለውጡም የመጀመሪያውን ቅጂ አይደምስሱ። ሰነዱን ያለ ቁልፉ ማኖር ግማሽ ጥበቃ ነውና።