ገዳዩ የት ቆሞ ነበር?

ትርኢቱ አልቋል። የመሪ ተዋናይቷ ልደት እዚያው መድረኩ ላይ እየተከበረ ነው። ከመድረኩ ጣሪያ ላይ አንድ ግዙፍ የሻምፓኝ ጠርሙስ በገመድ ተሰቅሏል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ቀስ ብሎ ወርዶ ጠረጴዛው መሀል እንዲያርፍ ታስቧል። በገመዱ ሌላኛ ጫፍ የጠርሙሱን አወራረድ የሚገታ፣ ተለክቶ የታሰረ ክብደት አለ። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ክብደቱ በቦታው የለም። ጠርሙሱ ተምዘግዝጎ የባሏን፣ የቡድኑን ሥራ አስኪያጅ አናት ይፈረክሳል።

ይህ በ1937 የታተመው የናዮ ማርሽ «ቪንቴጅ መርደር» ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ስሠራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ቀድሞ የሚመጣብኝ «ገዳዩ ማነው?» የሚለው አይደለም። «ገመዱን ያሰረው ማነው? ከዚያስ ማን ነካው?» እላለሁ። ከተዋንያን አናት በላይ ምን ያህል ብረትና እንጨት ተንጠልጥሎ እንደሚያመሽ ተመልካች ልብ አይለውም። ማርሽ ግን አሳምራ ታውቃለች። ሀያስያን ከአጋታ ክሪስቲ፣ ከዶረቲ ሴየርስና ከማርጀሪ አሊንግሃም ጋር ከአራቱ የወንጀል ልቦለድ ንግሥቶች አንዷ ይሏታል። ይበሏት። በእኔ ዓይን ግን እሷ ልቦለድ የምትጽፍ የቴአትር አዘጋጅ ናት። ማን በየት በኩል ገባ? ማን ማንን ከለለ? ዕቃው በማን እጅ ነበር? አዘጋጅ በልምምድ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጠይቀውን መርማሪዋ ሬሳ ፊት ቆሞ ይጠይቃል።

የመርማሪው ስም እንኳ ከመድረክ የመጣ ነው። ሮድሪክ አሌን የተባለው በሼክስፒር ዘመን በነበረው ተዋናይ በኤድዋርድ አሌን ስም ነው፤ ይህ ተዋናይ የመሠረተው የለንደኑ ደሊች ኮሌጅ ደግሞ የደራሲዋ አባት የተማሩበት ትምህርት ቤት ነው።

ማርሽ በ1895 በኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ከተማ ተወለደች። አባቷ የባንክ ጸሐፊ፣ እናቷ ጥሩ አማተር ተዋናይ ነበሩ፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሥዕል ተማረች፤ ሠዓሊ የመሆን ሐሳብም ነበራት። ኋላ ለመርማሪዋ የሰጠችው ሚስት ሠዓሊ መሆኗ በከንቱ አይደለም። በ1920 ግን የአለን ዊልኪ ሼክስፒር ቡድን ተቀበላትና ከተዋንያኑ ጋር ከከተማ ከተማ ዞረች። ሻንጣ፣ ባቡር፣ የማያውቁት አዳራሽ፣ እንደገና ሻንጣ። «ቪንቴጅ መርደር» ውስጥ ኒውዚላንድን የሚዞረው ቡድን ከዚያ ሕይወት የተቀዳ ነው።

በ1928 ለንደን ገባች፤ ከወዳጇ ጋር ሆና የቤት ማስዋቢያ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅም ከፈተች። በ1931 አንድ ዝናባማ ቅዳሜ መርማሪ ልቦለድ ስታነብ ውላ፣ እኔስ ብሞክር ብላ ርካሽ ደብተርና እርሳስ ገዛች። ከዚያ የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1934 ታተመ። እሷ ግን በመሀሉ የእናቷ ሕመም ወደ አገሯ መልሷት ነበር፤ እናቷም በ1932 አረፉ። ከዚያ በኋላ ኑሮዋ በክራይስትቸርችና በእንግሊዝ መካከል ሆነ።

ግድያዎቿ እጅ የሚነካቸው ናቸው። በ1939ኙ «ኦቨርቸር ቱ ዴዝ» አንዲት ሴት በመንደር አዳራሽ ፒያኖ ፊት ትቀመጣለች፤ የሙዚቃ ደራሲውን የራክማኒኖፍን ሥራ የመክፈቻ ድምፆች ትመታለች፤ ከዚያ ግራ እግሯ ድምፅ ማለዘቢያውን ፔዳል ይረግጣል። ፒያኖው ውስጥ የተጠመደ ሽጉጥ ይተኩሳል። ወጥመዱ የሚሠራው ሙዚቃው የት ጋ እግር እንደሚጠይቅ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። «ኤንተር ኤ መርደረር» ላይ ደግሞ ለትርኢት የተዘጋጀው ሽጉጥ እውነተኛ ጥይት ይጎርሳል፤ አሌን ራሱ ተመልካች መሀል ተቀምጦ ያያል። የመድረክ ዕቃ ጠባቂ የሆነ ሰው ይህን መጽሐፍ ካነበበ በኋላ በሰላም የሚተኛ አይመስለኝም።

አሁን ወደ 1943። ጦርነት ነው፤ ማርሽ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ትነዳለች። የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የድራማ ማኅበር ተማሪዎችን ይዛ «ሐምሌት»ን አዘጋጀች፤ ያውም በዘመኑ ልብስ። ሙዚቃውን የጻፈው ዳግላስ ሊልበርን ነው። በማግስቱ ዓመት «ኦቴሎ» ተከተለ። እኛ በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ የምናውቃቸውን ሁለቱን ተውኔቶች እነዚያ ልጆች በትንሽ የኮሌጅ አዳራሽ ተወጧቸው፤ አገራቸውንም ዞሩባቸው። ማርሽ ረጅም፣ ሱሪ የምትለብስ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበረች። አማተር ናችሁ ብላ አትምርም፤ ከባለሙያ የሚጠበቀውን ትጠብቅባቸዋለች። በ1949 ተማሪዎቹን ይዛ በ«ኦቴሎ» እና በፒራንዴሎ ተውኔት አውስትራሊያ ድረስ ሄደች።

በዚያው ዓመት ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ አሥር መጽሐፎቿን፣ እያንዳንዱን በ100,000 ቅጂ፣ በአንድ ጊዜ ለገበያ አቀረበ፤ በድምሩ አንድ ሚሊዮን። በአገሯ ግን ምሁራን ወዳጆቿ መጽሐፎቿን ፊቷ ላይ ከማንሳት በጨዋነት ይቆጠቡ እንደነበር ራሷ ጽፋለች። እንደ ነውር ነገር! ልቦለዱ እንጀራዋ፣ ልቧ ግን መድረክ ላይ ነበር። ተማሪዎቿ የተጫወቱበት የኮሌጁ አዳራሽ በ1953 ተቃጠለ፤ በ1967 በስሟ የተሰየመ ቴአትር ቤት በዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ዴም» የሚለውን የክብር ማዕረግ አግኝታለች።

እንከን የለባትም አልልም። ሬሳው ከተገኘ በኋላ አሌን ተጠርጣሪዎችን ተራ በተራ መጠየቅ ሲጀምር መጽሐፉ ይጎተታል፤ አንባቢ ገጽ ይዘላል፤ እኔም ዘልያለሁ። የሚያሳዝነው፣ ልምምድ ላይ ቢሆን እንዲህ ያለውን ትዕይንት ራሷ ትቆርጠው ነበር።

ሠላሳ ሁለተኛውና የመጨረሻው ልቦለዷ «ላይት ቲክንስ» የ«ማክቤዝ»ን ዝግጅት ይተርካል። ግድያው እጅግ ዘግይቶ ይመጣል፤ ከዚያ በፊት ያለው ልምምድ ነው፦ የሰይፍ ፍልሚያው አረጋገጥ፣ የጠንቋዮቹ አቋቋም፣ ተውኔቱ ገደ ቢስ ነው ብለው የሚፈሩ ተዋንያን ሹክሹክታ። መጽሐፉን ጨርሳ ብዙ ሳትቆይ የካቲት 18 ቀን 1982 (በእኛ የካቲት 11 ቀን 1974 ዓ.ም.) አረፈች፤ ታትሞ የወጣው ከሞቷ በኋላ ነው። የወንጀል ልቦለድ ወዳጆች «ሬሳው የታለ?» እያሉ ያማርሩበታል። እኔ ሬሳው ባይመጣም አይቆጨኝም ነበር። እሷን ገና ለሚጀምር ግን ይህን አልመክርም፤ የፒያኖውን ያንብብ።