ከቆጠራው የወጡት ስድስት ሕሙማን፦ የሃይድሮክሲክሎሮኪን ዜና በማስረጃ ዓይን

ክሎሮኪን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለም። የወባ ክኒን ሆኖ ትውልድ አሳልፏል፤ ዛሬም ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት ይታዘዛል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ መባቻ የቅርብ ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን «ኮሮናን ያድናል» ሲባል ወሬው በቀላሉ ጆሮ ያገኘው አንድም በዚህ ይመስለኛል፤ የለመዱት መድኃኒት አያስፈራም። ወሬው ግን ከመንደር አልተነሣም። መነሻው በፈረንሳይ ማርሴይ ከተማ ፕሮፌሰር ዲዲዬ ራኡልት ይመሩት የነበረው ቡድን በሳይንሳዊ መጽሔት ያሳተመው ጥናት ነው። ደካማ ማስረጃ ነጭ ጋዋን ለብሶም ይመጣል።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2020 ወጣ። ለመጽሔቱ በቀረበ ማግስት ተቀባይነት ያገኘ ሲሆን ከጸሐፊዎቹ አንዱ የዚያው መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበር። እንደ ዘገባው መድኃኒቱን ከወሰዱት 20 ሕሙማን በ14ቱ (70 በመቶ) የአፍንጫ ናሙና ላይ በስድስተኛው ቀን ቫይረሱ አልተገኘም፤ ካልወሰዱት 16 ሰዎች ግን ነጻ የሆኑት 2 ብቻ (12.5 በመቶ) ነበሩ። ጥናቱ በወጣ ማግስት ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ መድኃኒቱን በትዊተር አሞገሱት። በሳምንቱ ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት ፈቀደው፤ ፈቃዱን የሰረዘው በጁን 15 ነው።

መድኃኒቱን የጀመሩት ግን 26 ነበሩ። ከጎደሉት ስድስት ሰዎች ሦስቱ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛውረዋል፣ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ሆስፒታሉን ለቆ ሄዷል፣ አንዱ በማቅለሽለሽ ምክንያት አቋርጧል። ይህ አልተደበቀም፤ ጽሑፉ ውስጥ ሰፍሯል፣ ያነበበው ሰው ነው ያነሰው። ተሟጋች አንባቢ «ስድስቱን ብንመልሳቸውም 14 ከ26፣ ማለትም 54 በመቶ ነው፤ ከ12.5 ይበልጣል» ሊል ይችላል። ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ንጽጽሩ በዕጣ የተመደቡ ሰዎችን አያነጻጽርም፤ ካልወሰዱት መካከል ሕክምናውን እንቢ ያሉና በሌሎች ሆስፒታሎች የተኙ ነበሩበት። ከዚህም የሚብሰው፣ ጥናቱ የለካው የአፍንጫ ናሙናን ነው። ሕመምተኛውና ቤተሰቡ የሚጠይቁት ስለ መዳንና ስለ መሞት ነው፤ የዚህ ጥያቄ ፍንጭ ያለው ደግሞ ከቆጠራው በወጡት ውስጥ ነው።

መድኃኒቱ በቤተ ሙከራ ከጦጣ ኩላሊት በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ቫይረሱን መግታቱ እውነት ነበር። በኋላ በሰው የሳንባ ሕዋሳት ሲሞከር ግን አልገታውም።

ቁርጡ የታወቀው ሪከቨሪ በተሰኘው የብሪታንያ ሙከራ ነው። ሆስፒታል ከተኙ ሕሙማን 1,561ዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን እንዲወስዱ፣ 3,155ቱ የተለመደው ክብካቤ ብቻ እንዲደረግላቸው በዕጣ ተመደቡ። በ28 ቀን ውስጥ ከወሰዱት 27 በመቶ፣ ካልወሰዱት 25 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ስለሚችል «ገደለ» ማለት አይቻልም፤ «አዳነ» ለማለትም ምንም መሠረት የለም። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቁጥሩን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ከወሰዱት መቶ ሰዎች 73ቱ ከ28 ቀን በኋላ በሕይወት ነበሩ። እያንዳንዳቸው «ወስጄው ዳንሁ» ብለው ቢመሰክሩ አንዳቸውም አልዋሹም። ካልወሰዱት መቶ ሰዎች ግን 75ቱ ተርፈዋል፤ እነሱን ማንም ለምስክርነት አይጠራቸውም።

ጥርጣሬ ወደ አንድ ወገን ብቻ ካዘነበለ እሱም ጭፍን እምነት ይሆናል። በሜይ 22 ቀን 2020 ዘ ላንሴት የወደ 96,000 ሕሙማንን መረጃ ይዣለሁ የሚል፣ መድኃኒቱ ሞትን ያበዛል ብሎ የደመደመ ጥናት አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በራሱ ሙከራ ውስጥ መድኃኒቱን መስጠት ለጊዜው አቆመ። መረጃውን ያቀረበው ሰርጂስፊር የተባለ ኩባንያ ጥሬ መረጃውን ለገለልተኛ ምርመራ ሊያቀርብ ባለመቻሉ ጥናቱ በጁን 4 ተሻረ። የማርሴዩን የሚነቅፉ ብዙዎች ይህን ያለ ጥያቄ የተቀበሉት፣ በእኔ ግምት፣ ድምዳሜው ስለጣማቸው ነው። ላንሴት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የሻረውን ያህል ሌላው መጽሔት አልፈጠነም፤ የማርሴዩ ጽሑፍ የተሻረው በዲሴምበር 2024 ነው፣ ያውም ከፊሎቹ ጸሐፊዎች እየተቃወሙ።

የሚሠራ መድኃኒት ዜናም ቢሆን እንዲሁ መነበብ አለበት። ያው ሪከቨሪ በጁን 2020 ርካሹ ዴክሳሜታዞን ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳየ። በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት የሚሞቱት ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ፣ ያለ መሣሪያ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው ደግሞ ከ26.2 ወደ 23.3 በመቶ ወረዱ። ኦክስጅን ካላስፈለጋቸው ሕሙማን ግን መድኃኒቱን የወሰዱት 17.8፣ ያልወሰዱት 14.0 በመቶ ሞቱ። ይህ ልዩነት ጉዳትን በእርግጠኝነት አያረጋግጥም፤ ጥቅም ግን አልታየበትም። ሳል ይዞት ዴክሳሜታዞን ሊገዛ ወደ ፋርማሲ ለሚሄድ ሰው ከሦስቱ ውጤቶች ይበልጥ የሚቀርበው ይህ የመጨረሻው ነው።