በስልክ የተገኘ ማኅበር

እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 የኒውዮርኩ የአክሲዮን ነጋዴ ቢል ዊልሰን ድርድሩ ከሽፎበት በአክሮን ከተማ ሜይፍላወር ሆቴል ቀረ። መጠጥ ከተወ ወራት ቢያልፉም የሆቴሉ መጠጥ ቤት ይስበው ጀመር። እርሱ ግን ወደ አብያተ ክርስቲያናት ደውሎ እንደ እርሱ የሚሠቃይ ሰው ፈለገ። የአንድ ቄስ ጥቆማም፣ በሌሎች ሰዎች በኩል፣ ከሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኘው። ስሚዝ መጠጥ የተወበት ጁን 10 የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ልደት ሆኖ ይቆጠራል።

ማኅበሩ በ1950 ያጸደቃቸው አሥራ ሁለቱ ልማዶች የውጭ መዋጮ እንዳይቀበል፣ የአባላቱም ስም በአደባባይ እንዳይገለጥ ደነገጉ። ወጪው ትንሽ፣ ምስጢሩም የተጠበቀ ሆነ። ነገር ግን ስሙን የሰወረ ሰው እንዴት ይገኛል? በማርች 1941 ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት ስለ ማኅበሩ ሲጽፍ መልሱ ታየ፤ 2,000 ገደማ የነበሩት አባላት በዓመቱ መጨረሻ ወደ 8,000 ደረሱ። ፈላጊው ቀድሞም ነበረ፤ የጎደለው አድራሻ ነበር።

ሁሉም በሚተዋወቅበት የስደት ኑሮ ግን አድራሻ ብቻውን አይበቃም፤ በሩ ላይ የሚያውቁት ሰው ይቆም ይሆናል። የአክሮኑ ቄስ ማኅበር አልመሠረቱም፤ ስልክ አንሥተው፣ ሳይፈርዱ መንገድ አመለከቱ። የስደት አብያተ ክርስቲያናትና የመረዳጃ ማኅበራትም ይህን ለማድረግ በጀት አያሻቸውም።