ፊርማ የሌለው የሥራ ውል፤ ከመሐላ ዘመን እስከ አዋጅ ዘመን

አንድ ሠራተኛ ሳይፈርምበት የቀረ የሥራ ውል ያስረዋልን ወይስ አያስረውም የሚለው ጥያቄ፣ ዛሬ በየፍርድ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሲነሣ የአዲስ ሕግ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት መሬት ሲሸጡ፣ ብር ሲያበድሩ፣ እረኛና አሽከር ሲቀጥሩ ፊርማ የሚባለውን ነገር ሳያውቁ ኖረው ሳለ፣ ውላቸው ውል፣ ዕዳቸውም ዕዳ ስለ ነበረ፣ ጥያቄው ከሕጉ መጽሐፍ ይልቅ የቆየ ነው። ስለዚህ መልሱን የሚሻ ሰው፣ ፊርማ በሌለበት ዘመን ሰውን ከቃሉ ጋራ ያስተሳሰረው ምን እንደ ነበረ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።

በጎንደር ዘመን የተጻፉትን የመሬት ሽያጭ ጽሑፎች የተመለከተ እንደሚያውቀው፣ በወንጌሉና በሌሎች ቅዱሳት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የሻጩና የገዢው ስም፣ ዋጋውም በወቄት ወርቅ ተቈጥሮ፣ ከዚያም የእማኞቹ ስም ተራ በተራ ይሰፍራል፤ በመጨረሻም ውሉን በሚያፈርስ ሰው ላይ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ግዝት ይወርድበታል። የሻጩ የእጅ ጽሕፈት ግን ከብራናው ላይ አይገኝም። ነገሥታቱና መኳንንቱ እንኳ ደብዳቤያቸውን ያጸኑ የነበረው በማኅተም ነበር እንጂ በፊርማ አልነበረም፤ መጻፍ የካህንና የጸሐፌ ትእዛዝ ሙያ እንጂ የባለ ጉዳዩ ሥራ ስላልነበረ፣ ውሉን የሚያጸናው በጆሮው የሰማው ሕዝብና ከላይ ሆኖ የሚመለከተው ፈጣሪ ነበር።

ለእረኛው፣ ለገረዲቱና ለአሽከሩ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንኳ አልነበረም። ጌታው ቀለቡን፣ የዓመት ልብሱንና የሚከፍለውን ጠገራ ብር በሰዎች ፊት ይናገራል፤ ተቀጣሪውም ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ ደግሞ ዕቃ ቢጠፋ ሊመልስ፣ ሰውየው ቢኮበልል አፈላልጎ ሊያቀርብ ራሱን በዕዳ ያገባል፤ ነገሩ ይበልጥ እንዲጸና የተፈለገ እንደ ሆነ በንጉሡ ስም ይማማላሉ፤ «ምኒልክ ይሙት» ብሎ የማለ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ጥፋቱ በባልንጀራው ላይ ብቻ ሳይሆን በዘውዱም ላይ ይቈጠርበት ነበር። ይህም ልማድ ከሃይማኖቱ ትምህርት ጋራ የተስማማ ነበር፤ ምክንያቱም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የተነገረለት ባለ ወይን ሠራተኞቹን በቀን አንድ ዲናር ሊከፍላቸው የተዋዋለው በአፉ ነው፤ የኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24ም የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው ሲያዝዝ፣ በመካከላቸው ጽሑፍ አለን ወይስ የለም ብሎ አይጠይቅም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብጽ ክርስቲያኖች ዘንድ በዓረብኛ ተሰናድቶ፣ በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም፣ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ዋስትናና ስለ ኪራይ የሚናገረው ለዳኛው መመሪያ ሆኖ ነው እንጂ፣ እረኛው ውሉን በብራና ይዞ እንዲመጣ ለማስገደድ አይደለም።

ሆኖም ያንን ዘመን ከልክ በላይ ማመስገን ለእውነት አይበጅም። ነገረተኞች ነጠላቸውን አቈራኝተው በመንገድ ላይ ባገኙት ሽማግሌ ፊት በልሃ ልበልሃ ሲባባሉ፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነውና እማኝ የሞላለት ይረታ ነበር፤ አሽከሩ ዋጋው ቢቀርበት በጌታው ላይ ለመመስከር የሚደፍር ጎረቤት ከወዴት ያገኛል? ከዚህም በላይ፣ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ እስኪሻር ድረስ፣ በየቤቱ ከሚደክመው ሕዝብ ስንቱ በቃልም በጽሑፍም ሳይዋዋል፣ ፈቃዱን ሳይጠየቅ ይሠራ ነበር። ቃል የሚያስረው ቃሉን የመስጠት ነጻነት ያለውን ሰው ነውና፣ ስለ ቃል ውል ክብር ስንናገር እነዚህን መርሳት አይገባንም።

ወረቀት ከደመወዝተኛው ኑሮ ውስጥ በሰፊው የገባው ከባቡሩና ከፋብሪካው ጋራ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር፣ ቀጥሎም በ1946 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የሆላንዶች የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድ ከአጠገቡ የሌለውን ሰው ከሩቅ አገር እየሰበሰቡ አሠሩ፤ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጣው አገዳ ቈራጭ ከውጭ አገር አሠሪው ጋራ በቋንቋም በልማድም ስለማይገናኝ፣ የሰፈሩ እማኝና የንጉሡ መሐላ የነበሩበትን ስፍራ መዝገብና ወረቀት ያዙት። ወረቀቱን የሚያጽፈውም የሚያስቀምጠውም አሠሪው ነበር፤ ማንበብ ለማያውቀው ሠራተኛ የቀረለት አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ መጫን ብቻ ሆነ። እንግዲህ ያልፈረመ ሠራተኛ ጉዳይ ከመነሣቱ በፊት፣ የፈረመው ራሱ የፈረመበትን ያውቅ ነበርን የሚለው ይቀድም ነበር።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ችግር ችላ አላለም። በቍጥር 1719 ሕጉ ልዩ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በማናቸውም መንገድ እንዲጸና ከፈቀደ በኋላ፣ በቍጥር 1727 በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ያዝዛል፤ በቍጥር 1728 ደግሞ የዕውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማም ሆነ የጣት ምልክት፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንዳያስረው ይደነግጋል። በአገራችን ሕግ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ለድኻ የተቈረቈረ አንቀጽ ጥቂት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ስለ ማስረጃም በቍጥር 2002 ከጽሑፍና ከምስክር ጋራ የባለ ጉዳዩን እምነትና መሐላ ሲቈጥር፣ የጥንቱ መሐላ ከአዲሱ ሕግ በር ሳይባረር መግባቱን እናያለን። ዝምታም በመሠረቱ እሺታ ሆኖ እንዳይቈጠር በቍጥር 1682 ተወሰነ።

ስለ ሠራተኞች ብቻ የወጣው የ1956ቱ አዋጅ ቁጥር 210 ማኅበር የማቋቋምን መብት ሰጠ፤ ከአብዮቱ በኋላም በ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 64 ተተካ። የጥያቄያችን ቀጥተኛ መልስ በግልጽ የሚገኘው ግን በ1985 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 42፣ እርሱንም ተከትለው በመጡት በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377ና ዛሬ በሚሠራበት በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ውስጥ ነው። ሦስቱም የሥራ ውል ልዩ ፎርም እንደማያስፈልገው ይናገራሉ፤ በጽሑፍ የተደረገ እንደ ሆነ የሁለቱ ወገን ፊርማ እንዲኖርበት ያዝዛሉ፤ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ፣ ራሱ የፈረመበትን ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ግዴታ ይጥሉበታል፤ ይህን ሁሉ አለመፈጸሙም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መሆኑን ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች በአንዱ ማስረዳት ካልተቻለም፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይገመታል፤ የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም። ስለዚህ አለመፈረም ሠራተኛውን ባዶ እጁን አያስቀረውም፤ የጽሑፉም ሸክም ብዕሩን በያዘው በአሠሪው ትከሻ ላይ ወድቋል፤ ይህም በትክክለኛው ስፍራ የወደቀ ነው።

አንድ ነገር ግን ልቤን አያሳርፈውም። ደብዳቤው የተሰጠው ሠራተኛ ከተቀበለበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ በሙሉ ወይም በከፊል ካልተቃወመው፣ በዚያው እንደ ተዋዋለ ይቈጠራል፤ ይኸውም ሳይፈርም፣ በዝምታው ብቻ ይታሰራል ማለት ነው። ማንበብ ለሚችልና ጠበቃ ለሚያማክር ሰው 15 ቀን በቂ ይሆናል፤ ነገር ግን ከገጠር በመጣ በሳምንቱ ወደ ፋብሪካ የገባ ወጣት፣ ያልገባውን ወረቀት አጣጥፎ ከኪሱ ያኖረ እንደ ሆነ፣ የ1952ቱ ሕግ ካልተረጋገጠ የጣቱ ምልክት የጠበቀውን ሰው፣ የኋለኛው ሕግ ለዝምታው አሳልፎ ይሰጠዋል። የጣቱን ምልክት ከዳኛ ፊት እስኪቀርብ ያላመነ ሕግ ዝምታውን እንዴት ያምናል? በእኔ አስተያየት ደብዳቤው በምስክር ፊት ተነብቦለት እንደ ሆነ ብቻ ቀኑ ሊቈጠርበት ይገባ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነው የቤት ሠራተኛይቱ ነገር ነው። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጭ ሆኖ፣ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ስለ ተተወ፣ እርስዋን የሚመለከታት የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ነው፤ የ15 ቀን ደብዳቤም አይደርሳትም። ዛሬም ደላላው ያመጣታል፤ ተያዥዋ ስለ ታማኝነትዋ ቃል ይገባል፤ ደመወዝዋ በር ላይ በቆሙበት ይነገራል። ወደ ፍርድ ቤት የሄደች እንደ ሆነ ቃሏን የሚያጸኑላት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ ነገር ግን ደላላው ድርሻውን ተቀብሎ ወደ ሌላ ደጅ ሄዷል፤ ተያዥውም ለአሠሪዋ ዋስ ሆነ እንጂ ለእርስዋ አልሆነም። እንግዲህ ደንቡ በሚወጣበት ጊዜ፣ ደመወዝዋና የዕረፍት ቀንዋ ተጽፎ፣ በተያዥዋ ፊት ተነብቦ፣ ከሁለቱ ቅጂ አንዱ በእጅዋ እንዲቀር፣ ይህ ባልተደረገ ጊዜም የማስረዳቱ ሸክም በአሠሪዋ ላይ እንዲሆን ቢታዘዝ፣ በአዋጁ ለፋብሪካው ሠራተኛ የተፈቀደው መብት ለእርስዋም ይደርሳት ነበር።