ይህ ፓራፋንጎ የየትኛዋ መኪና ነው?

ጉርድ ሾላ አካባቢ፣ አንድ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የተደገፈ የዛገ ላሜራ አየሁ። ጎበጥ ያለ ነው፤ ክብ የመብራት ቀዳዳም አለው። ባለ ጋራዡ "ነገ ለቁራሌው ነው" አሉኝ። ቁራሌው ከወሰደው ደግሞ መጨረሻው መቅለጥ ነው። ስለዚህ ያለን አንድ ቀን ነው፤ እስቲ አብረን እንለየው።

እኔ መጀመሪያ "ፊያት 600 ነው" አልኩ። ለምን መሰላችሁ? አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ታክሲ የነበሩት እነዚያ ትንንሽ ፊያቶች ክብ ክብ ስለሆኑ። ምህንድስና ተምሬ በቅርጽ ብቻ ፈረድኩ! ባትላሜራው ሳቁና "ጠርዙን እየው እንጂ ልጄ" አሉኝ።

ጠርዙ ላይ የቡሎን ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፊያት 600 ፓራፋንጎ ከቦዲው ጋር የተበየደ ስለሆነ፣ ለማውጣት መቁረጥ ግድ ይላል። የቮልስዋገን ቢትል፣ ማለትም የእኛዋ ቮልስ፣ አራቱም ፓራፋንጎዎች ግን በቡሎን የታሰሩ ናቸው። የተጋጨው ይፈታል፣ ሌላ ይገጠማል። እንግዲህ ቮልስ ናት።

ዘመኑስ? ሁለት ቀዳዳዎችን እንጠይቅ። አንደኛው የመብራቱ ነው፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩት ቮልሶች ላይ መብራቱ ከፓራፋንጎው ጉብታ ጋር አብሮ ያዘነበለው እ.ኤ.አ. እስከ 1967 አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለተኛው እላዩ ላይ ያለው የፍሬቻ ቀዳዳ ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች ሲታጠፉ ከበሩ ኋላ ካለው ምሰሶ ትንሽ ክንድ ብቅ ትል ነበር። በ1960 ግን ፍሬቻው ፓራፋንጎው ላይ ወጣ። ሁለቱን ስናገናኝ ላሜራችን ከ1960 እስከ 1967 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል።

ግራ ነው ቀኝ? መብራቱን ወደ ፊት አድርጋችሁ ከኋላው ቁሙ። በቡሎን የሚታሰረው ጠርዝ በቀኛችሁ ከሆነ የግራ ነው። ፋብሪካውም በቁጥር ይለየዋል፦ 113 821 021 የግራ የፊት ፓራፋንጎ ሲሆን፣ መጨረሻው 022 ሲሆን የቀኝ ነው። ጎዶሎ ግራ፣ ሙሉ ቀኝ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የዕቃው ዕድሜ የመኪናው ዕድሜ ማለት አይደለም። በቡሎን የሚታሰር ዕቃ ከመኪና ወደ መኪና ይዘዋወራል። የዚህኛውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለን ስንፍቀው ከላይ ቀይ፣ ከሥሩ ስቱኮ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ነጭ ወጣ። ስቱኮው ከሰማያዊው በላይ መሆኑ ከሁለተኛው ቀለም በኋላ ተጋጭቶ እንደተጠገነ ይናገራል። ሰነድ የለውም፤ ታሪኩ ግን ተጽፎበታል።

"ፓራፋንጎ" የሚለው ቃልም ራሱ ዕቃ ነው። ጣሊያንኛ ነው፣ "ጭቃ ከልካይ" እንደማለት። መኪናዋ ጀርመን፣ ስሙ ጣሊያን፣ ጥገናው የአዲስ አበባ ልጅ።

የመጨረሻዋ ቢትል ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራችው በ2003 ነው። ስለዚህ የቀለጠ የድሮ ፓራፋንጎ አይመለስም። ባለ ጋራዡ ላሜራውን አገላብጠው ካዩ በኋላ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ አንድ ግራ ዓይኗ የጠፋ ቮልስ ግቢው ውስጥ ቆማለች። በማግስቱ ቁራሌው መጣ፤ ሌላ ብረት ይዞ ሄደ።

እናንተም ሰፈራችሁ ውስጥ የወደቀ ላሜራ ካያችሁ፣ ከቅርጹ በፊት ጠርዙን እዩ።