በጠበቃ መዘግየት የሚዘጋ የይግባኝ በር

ሮጀር ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በአስገድዶ መድፈርና በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ እንደገና እንዲመረመርለት ያቀረበው አቤቱታ ውድቅ ሲደረግ ጠበቆቹ ይግባኝ ማለታቸውን በ30 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ነበረባቸው። ያስታወቁት በ33ኛው ቀን ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 የሦስቱን ቀን መዘግየት በኮልማን ላይ ቆጠረበት፤ ጠበቃ ወኪል ነው፣ የወኪል ስሕተትም የወካዩ ነው በሚል። በዓመቱ የሞት ፍርዱ ተፈጸመ። በ2006 የተደረገ የዘረመል ምርመራ ወንጀሉን የፈጸመው እርሱ መሆኑን አረጋግጧል፤ ፍርድ ቤቱ በሩን ሲዘጋ ግን ይህን አያውቅም ነበር።

ያው ፍርድ ቤት በ2012 በኮሪ ሜፕልስ ጉዳይ ላላ አለ። የአላባማው የሞት ፍርደኛ ሁለት ጠበቆች ለእርሱም ለፍርድ ቤቱም ሳይነግሩ ሥራቸውን ለቀው ሄደው ነበር፤ የተላከላቸው ውሳኔም ሳይከፈት ተመለሰ፤ የ42 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ አለፈ። ዳኞቹ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ ደንበኛውን ጥሎ የሄደ ጠበቃ ወኪል መሆኑ ስለሚያበቃ ጥፋቱ ለደንበኛው አይተርፍም አሉ። እኔ ይህን መለያ በቂ ሆኖ አላገኘሁትም። በእስር ቤት ለተቀመጠ ሰው፣ የዘገየ ጠበቃና የጠፋ ጠበቃ ልዩነታቸው የሚታወቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ወደ እኛ ሕግ ስንመጣ፣ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተነገረ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን እንዲያስታውቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥም ማመልከቻውን እንዲያቀርብ ያዛል። ጊዜው ያለፈበት ሰው በአንቀጽ 191 መሠረት ማስፈቀጃ ሲጠይቅ፣ መዘግየቱ በራሱ ጥፋት የመጣ አለመሆኑን ማስረዳት አለበት። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በአንቀጽ 326(2) የወኪል ወይም የጠበቃ ጉድለት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ደነገገ።

የወንጀሉ ሕግ ቀድሞ የወጣ ስለሆነ ስለ ጠበቃ ጉድለት ዝም ማለቱን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ማለት አይቻልም። ይሁንና የገንዘብና የመሬት ክርክር የሚመራበትን ጥብቅ ድንጋጌ ተውሶ ነፃነቱን ባጣ ሰው ላይ ማዋል ተገቢ አይደለም። «በራሱ ጥፋት» የሚለው ሐሳብ በቀጥታ ሲነበብ የሚያመለክተው ተከሳሹን ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የመከላከያ ጠበቃንና የይግባኝን መብት ያረጋገጠው ለተከሳሹ ነው፤ አንዱ መብት ሌላውን የሚያሳጣ መሆን የለበትም።

ይህ አተረጓጎም ለሰነፍ ጠበቃ መሸሸጊያ ይሆናል የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም። መልሱ ያለው ማስረጃውን በመመርመር ላይ ነው፦ ግልባጩን ማን መቼ ወሰደ? ጠበቃው ደንበኛውን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገረው መቼ ነው? ተከሳሹ ወይም ቤተሰቡ ጠይቀዋል? መዘግየቱን ባወቀ በስንት ቀን አመለከተ? ሲጠይቅ የኖረና ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በእነዚህ ይለያሉ። ጠበቃውን ለመቅጣት የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የዲሲፕሊን መንገድ አለው። ይሁን እንጂ የጠበቃው ፈቃድ ቢታገድም ለእስረኛው ያለፈው የይግባኝ ጊዜ አይመለስለትም፤ ያንን ሊመልስለት የሚችለው የማስፈቀጃ አቤቱታውን የሚሰማው ይግባኝ ሰሚ ችሎት ነው።