የታኅሣሥ ተወርዋሪ ከዋክብትና የፋኤቶን ነገር

በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት፥ ሰማይ በጠራበት አገር ሁሉ፥ ገውዝ ከሚባለው የከዋክብት ክፍል የፈለቁ የሚመስሉ ብዙ ተወርዋሪ ከዋክብት ይታያሉ። የእነዚህን ምንጭ ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ምንጩ ከተገኘ በኋላም ክርክሩ አልተዘጋም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተወርዋሪ ኮከብ በስሙ ብቻ ኮከብ ነው። ነገሩስ በጠፈር የሚዞር ጠጠር ወይም ትቢያ በታላቅ ፍጥነት ወደ አየራችን ሲገባ የሚሰጠው ብርሃን ነው። በኖቬምበር 1833 በሰሜን አሜሪካ እንደ ዝናብ በወረደ ጊዜ፥ የዬል ኮሌጅ መምህር የነበረው ዴኒሰን ኦልምስቴድ፥ ሁሉም በአሰድ ውስጥ ካለ ከአንድ ነጥብ የሚወጡ መምሰላቸውን አስተዋለ። በ1866 ደግሞ ኢጣሊያዊው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ፥ በነሐሴ የሚታዩት ተወርዋሪዎች ምሕዋር በ1862 ከታየው ጅራታም ኮከብ ምሕዋር ጋራ አንድ መሆኑን በስሌት አሳየ። በ1872፥ ቀድሞ ለሁለት ተከፍሎ የጠፋው የቢዬላ ጅራታም ኮከብ ይሄድበት የነበረውን መንገድ መሬት ስታቋርጥ፥ ተወርዋሪው ሰማዩን ሞላው። ከዚህ በኋላ ነገሩ እንደ ሕግ ተያዘ፤ ይኸውም ጅራታም ኮከብ በረዶው በፀሓይ ሙቀት ሲተን ትቢያውን በመንገዱ ይበትናል፥ መሬትም በየዓመቱ ያንን ትቢያ ታገኘዋለች የሚል ነው።

ከ1862 ጀምሮ የታወቁት የገውዝ ተወርዋሪዎች ግን ለዚህ ሕግ አልገዛም አሉ። ምሕዋራቸው ተለካ፤ ፀሓይን የሚዞሩት በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ። በዚያ መንገድ የሚሄድ ጅራታም ኮከብ ግን አልነበረም። በኦክቶበር 11 ቀን 1983፥ ሳይመን ግሪንና ጆን ዴቪስ፥ የሙቀት ጨረር የሚቀበለው አይራስ የተባለው ሳተላይት ከላከው መረጃ ውስጥ አንድ ፈጣን አካል አገኙ። አሜሪካዊው ፍሬድ ዊፕልም ወዲያው ምሕዋሩ የገውዝ ተወርዋሪዎች ምሕዋር መሆኑን አመለከተ። የሚገርመው፥ ጅራታም ኮከብ የበረዶና የትቢያ ድብልቅ ነው የሚለውን ሐሳብ በ1950 ያቀረበው ራሱ ዊፕል ነበር፤ አሁን የጠቆመው አካል ግን አስትሮይድ፥ ማለት ዓለት ነው።

አካሉ ፋኤቶን ተባለ፤ በግሪኮች ተረት የፀሓይን ሠረገላ ልንዳ ብሎ የጠፋው ልጅ ስም ነው። ስሙ ተስማምቶታል። 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ይህ አካል ለፀሓይ በሚቀርብበት ጊዜ ርቀቱ 21 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሜርኩሪ እንኳ ከ46 ሚሊዮን አይቀርብም። ገጹ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚግል፥ በላዩ ላይ በረዶ ሊቆይ አይችልም።

ታዲያ ዓለት ትቢያውን እንዴት በተነው? አንዳንዶች ሙቀቱ ዓለቱን እየሰነጠቀ ያራግፈዋል አሉ። በ2009 ፋኤቶን ፀሓይ አጠገብ ሲደርስ ድንገት ደምቆ ስለ ታየ፥ ይህ አሳብ ተጠናክሮ ነበር። በ2023 የወጣ ጥናት ግን ያ ድምቀት ከትቢያ ሳይሆን ከሶዲየም ጋዝ የመጣ መሆኑን አሳየ። በእኔ አስተያየት ይህ ውጤት ከ1983ቱ ግኝት ባላነሰ ሊታሰብበት ይገባል፤ ፋኤቶን ዛሬ የሚያወጣው ነገር ያን ሁሉ ጠጠር ሊሞላ የማይችል ከሆነ፥ ትቢያው የወጣው ቀድሞ፥ አካሉ በተሰበረበት ወይም ብዙ ክፍሉን ባጣበት ጊዜ መሆን አለበትና።

ፋኤቶን ብቻውን አይደለም። ታኅሣሥ 25 ገደማ ለሚታዩት ለሌሎቹ ተወርዋሪዎች፥ ፒተር ዬኒስኬንስ በ2004 ያመለከተው ምንጭም በ2003 የተገኘ፥ ጅራት የሌለው አካል ነው። ይህ አካል ምናልባት በ1490 በቻይና፥ በኮሪያና በጃፓን የታየው ጅራታም ኮከብ ቅሪት ይሆናል የሚሉ አሉ።